ከማባዛት በፊት ማንበብ፦ ስለ ጥምርታና ወደር ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ውስጥ የ7ኛ ክፍል ሒሳብ ሳስተምር ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ፣ ተማሪዎች ጥምርታን (ሁለት መጠኖችን በማካፈል ማነጻጸርን) እና ወደርን (አንዱ መጠን ሲለወጥ ሌላው በተመጣጣኝ የሚለወጥበትን ዝምድና) የሚመለከት የቃላት ፕሮብሌም ሲቀርብላቸው ጥያቄውን አንብበው ሳይጨርሱ ቁጥሮቹን ለቅመው በመስቀለኛ ማባዛት (የአንዱን ክፍልፋይ የላይ ቁጥር በሌላው የታች ቁጥር ማባዛት) መጀመራቸው ነው። ዘዴው በራሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ መጠኖች እንዴት እንደሚዛመዱ ሳይታሰብበት ሲቀር የተሳሳተውን መልስ ትክክለኛ ያስመስለዋል።

ለምሳሌ 4 ጫኝና አውራጆች አንድ መኪና እህል በ6 ሰዓት የሚያራግፉ ከሆነ፣ እኩል ጉልበት ያላቸው 8 ሰዎች በስንት ሰዓት ያራግፉታል ቢባል ብዙዎች ያለማመንታት «በ12» ይላሉ። «ሰው ሲበዛ ሥራው ቶሎ ያልቃል ወይስ ይዘገያል?» ብዬ ስጠይቃቸው ግን መልሱ ከ6 ማነስ እንዳለበት እርሳስ ሳያነሱ ይነግሩኛል። 4 በ6 ሲባዛ 24፣ ለ8 ሲካፈል 3 ሰዓት። 3 አንሶላ በከተማችን ፀሐይ በ2 ሰዓት ቢደርቅ 6 አንሶላስ ብዬ የምጠይቅበትም ጊዜ አለ፤ ገመዱ እስከበቃ ድረስ መልሱ ያው 2 ሰዓት በመሆኑ ወደር የሌለበትን ጥያቄ መለየት ይለማመዱበታል።

ከዚህ ይልቅ ሥር የሰደደው ስሕተት መባዛት የሚገባውን መደመር ነው። ለ2 ሎሚ 3 ማንኪያ ስኳር የሚገባበትን ጭማቂ ለ4 ሎሚ ስናዘጋጅ፣ «ሎሚው በ2 ስለጨመረ ስኳሩም በ2 ይጨምር» ብሎ 5 ማንኪያ የሚጽፍ ተማሪ በየክፍሉ አይጠፋም። ስሕተት ነው ብዬ ብቻ ባልፍ ሐሳቡ አይለቀውም። ስለዚህ በራሱ መንገድ እስከ 20 ሎሚ ድረስ እንዲቀጥል አደርገዋለሁ፤ 21 ማንኪያ ላይ ሲደርስ ለአንድ ሎሚ አንድ ማንኪያ ያህል ብቻ እንደቀረለት፣ ጭማቂውም እንደሚጎመዝዝ ራሱ ያስተውላል። ያን ጊዜ ሁለት ሁለት ሎሚ እየመደበ ለእያንዳንዱ ምድብ 3 ማንኪያ ሲሰጥ ለ4 ሎሚ 6፣ ለ20 ሎሚ 30 ያገኛል፤ አንዴ በዚህ መልክ ካየው ደግሞ ወደ መደመሩ የሚመለሰው እምብዛም ነው።

የመጨረሻው ችግር ክፍልን ከጠቅላላ ጋር ማምታታት ነው። ድሬዳዋ የሲሚንቶ ፋብሪካ ቀድሞ የተተከለባት ከተማ ናትና ግንበኞች ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር 1 ለ 2 ለ 3 በሳጥን እየሰፈሩ ሲያቦኩ ያላየ ልጅ የለም። ሆኖም ከመደባለቁ በፊት በጠቅላላው 18 ሳጥን ከተሰፈረ ስንቱ ሲሚንቶ ነው ሲባል፣ ዓይነቶቹ ሦስት ስለሆኑ ብቻ 18ን ለ3 የሚያካፍሉ አሉ። ክፍሎቹ ግን 1 ሲደመር 2 ሲደመር 3፣ ማለትም 6 ናቸው፤ አንዱ ክፍል 3 ሳጥን ስለሚሆን ሲሚንቶው 3፣ አሸዋው 6፣ ጠጠሩ 9 ነው። በዚህም ምክንያት ተማሪዎቼ ስድስት እኩል ሳጥኖች ሥለው በየትኛው ውስጥ ምን እንዳለ ሳይጽፉ ወደ ማካፈሉ እንዲያልፉ አልፈቅድም።