«ቡና ጠጣ ተነሳ»፦ የመጀመሪያ አልበማችንን እንዴት እንደሠራን

አምስት ነን። ድራም፣ ሊድ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ሳክስፎን፣ ቤዝ። ቤዙን የምጫወተው እኔ ነኝ። ለዓመታት በአዲስ አበባ ክለቦች የሌሎችን ሥራ ስንጫወት ቆየን። ከዚያ ሙሉ በሙሉ የራሳችን የሆነ የጃዝ ሮክ አልበም ለመሥራት ቆርጠን ተነሳን። ሰባት ሥራ፣ ሁሉም ያለ ድምፃዊ።

ሙላቱ አስታጥቄ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ሃርሞኒ ጋር ካዋሃደ ወዲህ መንገዱ ተጠርጓል። እኛ የሮክን ጉልበት ልንጨምርበት ፈለግን።

ከሁሉ የፈተነን ምቱ ነው። የመጀመሪያው ሥራችን ከችክችካ ይነሳል። ችክችካ 6/8 ነው፣ በስድስት ይቆጠራል፤ እኛ አንድ ጨምረን 7/8 አደረግነው። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ሰውነት ግን እምቢ ይላል፤ ችክችካን ከልጅነታችን በሠርግ ቤት በትከሻችን የተማርነው ነዋ። ሶሎው ሲሞቅ ድራመራችን ሳይታወቀው ወደ 6 ይመለሳል። እኔም እከተለዋለሁ። ሳክስፎኑ ብቻውን ይቀራል። ሁለት ወር ሙሉ እየቆጠርን ተለማመድን፤ አልሆነም።

አንድ ከሰዓት የልምምድ ቤታችን ጎረቤት እማማ ቡና አፍልተው ጠሩን። ድራመራችን አቦሉን ጠጥቶ ብድግ አለ። እማማ ተቆጡ። «በረካ ሳይደርስ? ቡና ጠጣ፣ ተነሳ! ምን ዓይነት ወግ ነው ልጄ?»

ኪቦርዲስታችን ጉልበቱን እየመታ ደገመው። ቡ-ና፣ ጠ-ጣ፣ ተ-ነ-ሳ። ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት። ሰባት! በዚያው ቀን ሥራውን ከዳር እስከ ዳር ሳንስት ተጫወትነው። ባለ 11 ምት የሆነውን ሌላ ሥራችንንም በዚሁ ዘዴ ፈታነው፦ «ቡና ጠጣ ተነሳ፣ ቤቱ ገባ»። ከዚያ በኋላ በአፋችን ያላልነውን ምት በእጃችን አልሞከርንም።

ሁለተኛው ፈተና አንቺሆዬ ነበር። በዚህ ቅኝት ውስጥ ሁለት ቦታ ላይ ድምፆቹ በግማሽ ቶን ይጠጋጋሉ። ክራር ላይ ልብ ይነካል። ጊታሩ በዲስቶርሽን፣ ማለትም ድምፁን በሚያሻክረው የሮክ ኢፌክት፣ ሁለቱን አንድ ላይ ሲመታቸው ግን ጭቃ ይሆናል፤ ዲስቶርሽን ከሁለቱ ድምፆች ሌሎች ያልተፈለጉ ድምፆች ይፈጥራልና። መፍትሔው መከፋፈል ሆነ። አንዱን ድምፅ ጊታር ያዘ፣ ሌላውን ሳክስፎን። ሽኩቻው እንዳለ ሆኖ ድምፁ ጠራ።

ስቱዲዮ ስንገባ የተሳሳትነው እኛው ነን። ጊዜ እንቆጥባለን ብለን በየተራ፣ በክሊክ (በጆሮ በሚሰማ ምት ቆጣሪ) ብቻ ቀረጽን። ሲሰማ ንጹሕ ነው፤ ግን ማንም ማንንም አያዳምጥም። ከገንዘባችን ግማሹ ሄዷል። ቢያምም ሁሉንም ጥለን እንደገና ጀመርን። አምስታችንም አንድ ክፍል ገባን። የጊታሩን አምፕ (ድምፅ ማጉያ)፣ ድምፁ ድራሙ ማይክ ውስጥ እንዳይገባ፣ ኮሪደር ላይ አወጣነው፤ እርስ በርስ በሄድፎን እየተደማመጥን፣ ዓይን ለዓይን እየተያየን ተጫወትን።

ከሁሉ ያማረው ቅጂ መሀል ላይ መብራት ጠፋ። ያ ቅጂ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ ዩፒኤስ ላይ ሳይሰካ አንዲት ኖታ አልቀረጽንም።

ሚክሱ ላይ ብዙም አልደከምንም፤ ቤዙና የእግር ድራሙ እንዳይጋፉ ቦታ ለየንላቸው፣ በቃ። አንድ ነገር ግን ኢንጂነሩ ሊያጠፋው ሲል እጁን ያዝነው። የመጀመሪያው ሥራ ላይ ሳክስፎኑ ከሶሎው ሲመለስ በሄድፎን ብታዳምጡ፣ ከሲምባሉ ሥር ቀስ ያለ የሰው ድምፅ ይሰማል። የድራሙ ማይክ ይዞት ነው። ድራመራችን ለራሱ፣ በሹክሹክታ፣ «ቡና ጠጣ ተነሳ፣ ቡና ጠጣ ተነሳ» ይላል።