ክትትል ይደረግበት

የየትኛው አየር ኃይል እንደሆነ ልዝለለው። አውሮፕላኖቹ ሲ-130 ነበሩ፣ አምስት። ሦስቱ ጭነት ያመላልሳሉ፤ ሁለቱ ደግሞ ሲያስፈልግ ከክንፋቸው ሥር ቱቦ ዘርግተው በአየር ላይ ለሌላ አውሮፕላን ነዳጅ ያቀብላሉ። አምስቱም በዕድሜ ይበልጡኛል። በጥገና ቴክኒሻንነት ስቀጠር “በሁለት ዓመት ውስጥ ይተካሉ” ተባልኩ። ያን ጊዜ አምኜ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ የሌሊት ተራ ነው። የሥራ ካርዱ ከኋላው መጫኛ በር አጠገብ ያለውን የወለል ሰሌዳ አንስተህ ሥሩን እይ ይላል። የብሎኖቹ ግማሽ ጭንቅላታቸው ስለተበላ ፈትቼ ሳይሆን በስቼ ነው ያወጣኋቸው። ሰሌዳው ሲነሳ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። የዚህ አውሮፕላን መጸዳጃ እዚያው ኋላ ነው፤ ለአሥርተ ዓመታት የፈሰሰው፣ በጭነት ጎማ የገባው ጭቃና ዝናብ ሁሉ መጨረሻው ወለሉ ሥር ነው። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ በአፈርና በእንጨት ስብርባሪ ተደፍነዋል።

ባትሪዬን ሳበራ ወለሉን በሚሸከመው ቢም የታችኛው ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት አየሁ። አሉሚኒየም ሲዝግ አይቀላም፤ ዱቄት የነካው እጅ ያለፈበት ነው የሚመስለው። በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ቀለሙ ተነሳ፤ ከሥሩ ያለው አሉሚኒየም ውሃ እንደጠጣ መጽሐፍ ቅጠል ቅጠል ብሎ ተገላለጠ። በዚያ ዘመን ለአውሮፕላን አካል በብዛት የሚመረጠው 7075 የተባለው ቅይጥ የተወደደው ጠንካራና ቀላል ስለሆነ ነው። እርጥበት ላይ ሲከርም ከውስጥ እየተላጠ እንደሚሄድ በደንብ የታወቀው በኋላ ነው።

ጠዋት ለአለቃችን ነገርኩት። ቢሙን በወጉ ለማጽዳት ወለሉን መግፈፍ ያስፈልጋል፤ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። የበረራ ሠሌዳውን አየና ሳቅ አለ።

“ስማ፣ ይቺ አውሮፕላን ተሰናባች ናት። ለሚፈርስ ቤት ቀለም ይቀባል?”

አልተከራከርኩትም። እውነቱን ለመናገር ደክሞኝም ነበር። የሚነሳውን ጠራርጌ የዝገት መከላከያ ቀባሁና ካርዱ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ “መጠነኛ ዝገት ታይቷል። ተጠርጎ ተቀብቷል። ክትትል ይደረግበት።” ፈረምኩ። ወደ ቤቴ ሄጄ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ሁለቱ ዓመት አለፈ፤ ተተኪዎቹ አልመጡም። ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ኤርባስ ኤ400ኤም የተባለው የጭነት አውሮፕላን በመጀመሪያው ዕቅድ እ.ኤ.አ. በ2009 ርክክቡ ይጀመራል ተብሎ የመጀመሪያው ለፈረንሳይ የተሰጠው በ2013 ነው። ኬሲ-46 የተባለው ነዳጅ አቀባይ ውሉ በ2011 ተፈርሞ የመጀመሪያዎቹ 18 በ2017 እንዲደርሱ ታስቦ ነበር፤ የመጀመሪያው የአሜሪካ አየር ኃይል እጅ የገባው በጥር 2019 ነው። አዲሱ በዘገየ ቁጥር አሮጌው “ትንሽ ይታገስ” ይባላል። አሮጌው መታገሱን ግን ማንም አልጠየቀውም።

በአምስተኛው ዓመት በዚያችው አውሮፕላን ላይ ከባድ መኪና ሲጫን የጭነት ኃላፊው “ጧ” የሚል ድምፅ ሰማ። ጎማው ሥር ወለሉ ሁለት ጣት ያህል ሰመጠ። ሰው አልተጎዳም፤ ሞተሮቹም ገና አልተነሱም ነበር። ሰሌዳውን ሳነሳው የታችኛው ጠርዝ ከእጄ ስፋት በላይ በሚሆን ቦታ ላይ ተበልቶ አልቋል፤ ከዚያ የተነሳ ስንጥቅ ወደ ላይ የቢሙን ግማሽ ወጥቷል።

መርማሪው የቆዩ ካርዶችን ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸው። ሰባት ናቸው። በሰባት የተለያየ እጅ ጽሑፍ ሰባቱም ላይ ያው ቃል ሰፍሯል፦ ክትትል ይደረግበት። የመጀመሪያው የእኔ ነው።

“ያኔ ጥልቀቱ ስንት ነበር?” አለኝ።

“መጠነኛ...”

“መጠነኛ ስንት ሚሊሜትር ነው?”

አልነገረኝም ብዬ የማማርረው ሰው የለም። መለኪያው ኪሴ ውስጥ ነበር። ሰባታችንም ተከታትለናል፣ ሰባታችንም አልዋሸንም፤ ግን የመጀመሪያው ቁጥር ስለሌለ ሁለተኛው አየው ሦስተኛው አየው፣ ማደግ አለማደጉን ሊያውቅ የሚችል አልነበረም። መሐንዲሶቹም ዝገቱ በዓመት ስንት እንደሚሄድ ማስላት ስላልቻሉ የቀሩት አራት አውሮፕላኖች ወለል ሁሉ እንዲከፈት ታዘዘ። ሦስት ሳምንት የተከለከለው ሥራ ከሁለት ወር በላይ በላ። መለዋወጫ ቢሙም የሚሠራው ስለጠፋ ከአገልግሎት ውጭ ከሆነች አንዲት እህቷ ፈትተን ልናመጣ ሄድን። ስንከፍተው እዚያችው ቦታ ላይ ያው ነጭ ዱቄት! በመጨረሻ ከሙሉ ጥርብ በማሽን አስቀረጽነው።

ሁላችንንም ያዘናጋን የበረራ ሰዓት ቆጣሪው ይመስለኛል። ይቺ አውሮፕላን ብዙ አልበረረችም፣ ስለዚህ “ገና ናት” እንል ነበር። ለብረት ድካም፣ ማለትም ብረት ከተደጋጋሚ ጫና የተነሳ ለሚሰነጠቀው፣ ይህ ያስኬዳል። የሲ-130 መካከለኛ ክንፍ ዕድሜ የሚቆጠረው በተራ ሰዓት እንኳ አይደለም፤ ዝቅ ብሎ በርሮ ከባድ የጫነ ሰዓቱ ተባዝቶ ይታሰብበታል። የአሜሪካ አየር ኃይል በዚህ ስሌት 38,000 ሲደርስ ገደብ ይጥል፣ 45,000 ላይ ያቆም ነበር። ዝገት ግን የሚቆጥረው ቀን መቁጠሪያውን ነው። አውሮፕላኗ ቆማ ባደረችበትም ሌሊት ሥራ ላይ ነው፤ ከሰው ጽሑፍ በቀር ቆጣሪ የለውም።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 አሜሪካ፣ ሚሲሲፒ ውስጥ የወደቀችው ኬሲ-130ቲ ነዳጅ አቀባይ የምርመራ ውጤት ሲወጣ ሃንጋር ውስጥ ሰብሰብ ብለን አንብበነዋል። 16 ሰዎች አልቀዋል። በ2011 ለጥገና የገባ የአንድ ፕሮፔለር ምላጭ ላይ የነበረ የዝገት ጉድጓድ ሳይወገድ ወጥቶ፣ ስንጥቅ ወልዶ፣ ምላጩ አየር ላይ ተገነጠለ። አንብበን ስንጨርስ ለጥቂት ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም። እኔ የማስበው የራሴን ካርድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ለመንኩ። አንደኛው ካርዱ ላይ ርዝመት፣ ጥልቀት፣ የቀረው ውፍረት፣ ማስመሪያ የተቀመጠበት ፎቶና ቀጣዩ የምርመራ ቀን ካልሰፈረ እንዳይዘጋ ነው። ይሄ ቶሎ ተፈቀደ። ሁለተኛው ከዕቅድ ሠንጠረዡ ላይ “የሚሰናበትበት ዓመት” የሚለው ዓምድ ለእኛ ለቴክኒሻኖቹ እንዳይታይ ነው። አለቃችን ቅር ብሎት ነበር፤ ዓመቱ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰረዝ ራሱ አነሳው።

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ቴክኒሻን በሌላኛዋ አውሮፕላን የጎማ ማስገቢያ ውስጥ ዝገት አይቶ መጣ። ካርዱን ሰጠኝ። “ጥቂት ነው፣ እንከታተለው” አለ።

“ስንት ነው?”

ተመልሶ ሄደ። ከሩብ ሰዓት በኋላ መለኪያውን በእጁ እንደያዘ መጣ፤ ፊቱ ተለውጧል።

“1.2 ነው” አለኝ። “ባለፈው ዓመት ካርድ ላይ ግን 0.7 ይላል።”

መብራቱን እንዲያመጣ ነገርኩትና አብረን ወረድን።