ጉልበቱ ወዴት ይታጠፋል? ሮቦት መሳል ስማር የገባኝ

ሦስተኛው የሥዕል ቻሌንጄ ባለፈው እሁድ አለቀ። እስካሁን የሳልኳቸውን ሮቦቶች በሙሉ ከደብተሮቹ አውጥቼ ወለል ላይ ደረደርኳቸው። 48 ናቸው። ከመጀመሪያው ቻሌንጅ 9፣ ከሁለተኛው 27፣ ከሦስተኛው 12። ቆም ብዬ ሳያቸው አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። የመጀመሪያዎቹ ዘጠኙ ሁሉም ቀጥ ብለው ቆመዋል። እጃቸው ጎናቸው ላይ ተለጥፏል። የሚራመድ የለም፣ የሚቀመጥም የለም። ያኔ ብሎኑን፣ ሽቦውን፣ መብራቱን እየተጠበብኩ ስስል፣ ሰውነቱ የቱ ጋ እንደሚታጠፍ አንድም ቀን አልጠየቅኩም ነበር።

የጀመርኩት በኢንክቶበር ነው። ለማታውቁት፣ ጄክ ፓርከር የተባለ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረው ልምምድ ነው። በኦክቶበር ወር 31 ቀን፣ በየቀኑ አንድ ሥዕል በጽሕፈት ቀለም (ኢንክ) ይሳላል። ለየቀኑ አንድ ቃል አለው። እኔ ቃሉን ሁሉ ወደ ሮቦት ለወጥኩት። 9ኛው ቀን ላይ ቆምኩ። ለአንዱ ሥዕል ሦስት ሰዓት እቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ሲያመልጠኝ በማግስቱ ሁለት ልሳል አልኩ። ከዚያ ሦስት ሆነ። ዕዳው ሲከመር ደብተሩን መክፈት ራሱ ከበደኝ።

ለሁለተኛው ሁለት ሕግ አወጣሁ። አንደኛ፣ ያመለጠ ቀን አመለጠ፤ አይካካስም። ሁለተኛ፣ ለአንድ ሥዕል 40 ደቂቃ ብቻ፤ ስልኬ ላይ ሰዓት ሞልቼ እቀመጣለሁ። ከዚያ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች የክብሪት ቀፎ ለሚያህሉ አምስት ትንንሽ ንድፎች ናቸው። ውስጣቸው ዝርዝር የለም። ሙሉ በሙሉ ጥቁር አድርጌ እቀባቸውና ከሩቅ አያቸዋለሁ። ጥቁር ሆኖም ምን እየሠራ እንደሆነ የሚታወቀውን እመርጣለሁ። ከ31 ቀን 27ቱን የሳልኩት በዚህ መንገድ ነው። ቻሌንጅ ጀምራችሁ መሃል ላይ ለምታቆሙ፣ ከምንም በላይ የመጀመሪያውን ሕግ ሞክሩት።

14ኛው ቀን ላይ አብሮኝ የሚስል ጓደኛዬ ሥዕሌን አይቶ «ይሄ ቁጭ ማለት ይችላል?» አለኝ። ግዙፍ ጋሻ የለበሰ ሮቦት ነበር፤ በጣም የኮራሁበት። ማታ ያንኑ ሮቦት ተቀምጦ ልስለው ሞከርኩ። አልሆነም። የጭኑ ብረት ከሆዱ ብረት ጋር ይጋጫል። ክርኑ ላይ ያለው ሽፋን እጁን ከግማሽ በላይ አያሳጥፈውም። በማግስቱ ጋሻውን በየማጠፊያው ቆረስ ቆረስ እያደረግኩ ደግሜ ሳልኩት። ቆሞም ያምር ጀመር። ያን ቀን የገባኝ ነገር እስካሁን መመሪያዬ ነው፦ መጀመሪያ መገጣጠሚያው፣ ጌጡ በኋላ።

ከዚያ ወዲህ እውነተኛ ማሽን እያየሁ እስላለሁ። የፋብሪካ ሮቦት ክንድ ለጀማሪ በጣም ጥሩ አስተማሪ ነው። የመጀመሪያው የኢንዱስትሪ ሮቦት ዩኒሜት እ.ኤ.አ. በ1961 ጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ሲጀምር ክንድ ብቻ ነበር። ዛሬ በብዛት የሚታዩት ክንዶች ስድስት የሚዞሩ ቦታዎች አሏቸው። የእኛ ትከሻ በአንድ ቦታ ወደ ብዙ አቅጣጫ ይዞራል፤ የማሽኑ ትከሻ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተከታትለው የተቀመጡ ሞተሮች ናቸው፣ እያንዳንዱ በአንድ ዘንግ ዙሪያ ብቻ የሚዞር። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ ዘንጉን በቀጭን መስመር አሰምራለሁ። ሲሊንደሩን በዙሪያው የምሠራው ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ሞላላ ክብ ይመጣል። ሲሊንደር በጎን ሲታይ አፉ ሞላላ ይሆናል። የሞላላው ጠባቡ ስፋት ሁልጊዜ በዘንጉ አቅጣጫ መሆን አለበት። ይሄን ሳላውቅ የሳልኳቸው ጎማዎች ሁሉ ሊወልቁ የደረሱ ይመስላሉ። አሁን ከእያንዳንዱ ሥዕል በፊት አንድ ገጽ ሞላላ በእስኪርብቶ እሞላለሁ። አሰልቺ ነው፤ ግን እጄ ላይ ያየሁት ትልቁ ለውጥ የመጣው ከዚያ ነው።

ፒስተንም ተመሳሳይ ጣጣ አለው። ድሮ ለውበት ብዬ እግር ላይ እለጥፈው ነበር። ፒስተን ግን የሚረዝምና የሚያጥር ነገር ነው። ሁለቱም ጫፎቹ ጭኑ ላይ ከታሰሩ ምንም አያንቀሳቅስም። አንዱ ጫፍ ጭን ላይ፣ ሌላው ከጉልበት በታች መሆን አለበት።

የአንዱ ቀን ቃል «ወፍ» ነበር። የሰጎን እግር ያለው ሮቦት ልሳል ብዬ የሰጎን ፎቶ አየሁ። ወደ ኋላ የሚታጠፈው ጉልበት ይመስለኝ ነበር። ለካ ቁርጭምጭሚቱ ነው! እውነተኛው ጉልበት ከፍ ብሎ ነው ያለው፣ ላባው ሸፍኖታል፤ የሚታጠፈውም እንደ እኛው ወደ ፊት ነው። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ወፍ እግር ያላቸው ሮቦቶቼ ክብደታቸውን የሚሸከሙ መሰሉ።

በጣም የወደድኩት ግን የማርስ ተሽከርካሪዎቹን መሳል ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ማርስ ላይ ያረፈው ፐርሲቪራንስ ስድስት ጎማ አለው፣ እያንዳንዱም የራሱ ሞተር። ለጥ ባለ መሬት ላይ ሳልኩትና ሥዕሉ ሕይወት አጣ። ከዚያ አንዱን የፊት ጎማ ድንጋይ ላይ አወጣሁት። እግሩ አብሮ መነሳት አለበት። እግሩ ሲነሳ ከሱ ጋር የተያያዘው የኋላው ክፍል ይዞራል። አንድ ድንጋይ በመጨመሬ ጎኑን በሙሉ እንደገና ማሰብ ነበረብኝ። ሦስት ወረቀት ፈጀብኝ፣ ግን ከ48ቱ በጣም የምወደው እሱ ነው።

ሦስተኛው፣ በየሳምንቱ የሚሳልበት ቻሌንጅ፣ ለብርሃንና ለመስመር ውፍረት ጊዜ ሰጠኝ። ለውጭው መስመር ባለ 0.8 ሚሊ ሜትር እስኪርብቶ፣ ለውስጡ 0.3፣ ለጭረት 0.1። ስለዚህ ብዙ የምለው ገና የለኝም፤ የብረት ነጸብራቅ አሁንም ፕላስቲክ ይመስልብኛል።

አሁን የያዝኩት እጅ ነው። የሚቀጥለው ቻሌንጅ የመጀመሪያ ቃል «እንቁላል» ነው። እንቁላል የያዘ ሮቦት መሳል እፈልጋለሁ። በአምስት ጣት ሞከርኩት፤ መገጣጠሚያው በዝቶ ተጨናነቀ። ትናንት ማታ በሦስት ጣት ሳልኩት። አንዱን ጣት ከሁለቱ ፊት ለፊት አደረግኩና የየጣቱን ዘንግ አሰመርኩ። እንቁላሉ የተያዘ መሰለ። ግን ሁለቱ ጣቶች ሲዘጉ ጫፋቸው ይነካካ እንደሆነ ገና አላረጋገጥኩም። ዛሬ እጁን ተዘግቶ እስለዋለሁ። እንዲህ ዓይነት እጅ የሳላችሁ ካላችሁ፣ ዘንጎቹን የት እንዳስቀመጣችኋቸው አሳዩኝ።