ጠዋት የተሳበ ሲሪንጅ

ጎንደር ውስጥ አኔስቴዢስት (የማደንዘዣ ባለሙያ) ሆኜ ሥራ በጀመርሁበት ዓመት ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ፕሮፖፎል የሚባለውን በደም ሥር የሚሰጥ ማደንዘዣ በሲሪንጅ ስቤ ተዘጋጀሁ፤ የታካሚዋ የደም ግፊት አልወርድ ብሎ ቀዶ ሕክምናው ለሌላ ቀን ተላለፈ። ሲሪንጁን ከድኜ ጠረጴዛው ላይ ተውሁት። መድኃኒቱ ያጥረን ስለነበር መድፋቱ ግፍ መሰለኝ።

ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ትርፍ አንጀቱ የታመመ ገበሬ ከደንቢያ መጣ። ያንኑ ሲሪንጅ ሳነሳ አንጋፋው ባልደረባችን እጄን ያዘኝ።

«መቼ የሳብኸው ነው?»

«ጠዋት፣ ጋሼ። አልተነካም እኮ።»

«ድፋው።»

ደፋሁት፤ አዲስ ተከፈተ። ሥራው በሰላም አለቀ።

ሻይ ስንጠጣ ነገሩን አፍታታልኝ። ፕሮፖፎል ወተት የሚመስለው በአኩሪ አተር ዘይትና ከእንቁላል አስኳል በሚወጣ ቅባት ስለሚበጠበጥ ነው፤ ይህ ለባክቴሪያ ምግብ ነው። በሲሪንጅ ከተሳበ 6 ሰዓት ያለፈውን የምንጥለው ለዚህ ነው። በፈረንጆቹ 1990 አሜሪካ ውስጥ በአያያዝ ጉድለት የተበከለ ፕሮፖፎል የተሰጣቸው ሰዎች ከቀዶ ሕክምና በኋላ በኢንፌክሽን መታመማቸው ተዘግቧል። እስከዚህ ያለውን ተማሪ ሳለሁም ሰምቼዋለሁ። ያልሰማሁት ቀጣዩን ነበር።

«ባክቴሪያን የሚዋጋውን ነጭ የደም ሴል ከፒያሳ ወደ አዘዞ እንደሚወርድ ታክሲ ቁጠረው» አለኝ። «የተቆጣው ሥጋ ጋ ሲደርስ ‹ወራጅ አለ!› ይባላል። ሴሉ የደም ሥሩን ግድግዳ ታኮ እየተንከባለለ ያዘግማል። ኤልኤፍኤ-1 በሚባል ፕሮቲኑ ግድግዳው ላይ ያለውን አይካም-1 የሚባል ፕሮቲን ጨብጦ ይቆማል። ከዚያ ሾልኮ ወደ ቁስሉ ይወጣል።»

በትንፋሽ የሚሰጡት ማደንዘዣዎች አይሶፍሉሬንና ሴቮፍሉሬን ግን ኤልኤፍኤ-1 ላይ ካለች ጎድጓዳ ቦታ ይገቡና ፕሮቲኑ ተዘርግቶ እንዳይጨብጥ ያደርጉታል። ፕሮፖፎልም ይህንኑ ፕሮቲን እንደሚያዳክም በላብራቶሪ ታይቷል። ይህ ማደንዘዣን የሚያስጠላ ነገር አይደለም፤ ያለ እሱ ያንን ገበሬ ማን ያድነው ነበር? ያስደነገጠኝ ሌላ ነው፦ ነጭ ሴሎቹ መቆሚያ ባጡበት ሰዓት እኔ ባክቴሪያ በገዛ እጄ ልጨምርበት እችል ነበር። ከዚያ ቀን በፊት ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳደረግሁ ላስታውስ ሞከርሁ፤ አፌ ደረቀ።

ሻዬን ሳልጨርስ ተነስቼ ወደ ሁለተኛው ክፍል ሄድሁ። ጠረጴዛው ላይ ሰዓት ያልተጻፈበት ነጭ ሲሪንጅ ተቀምጧል። የማን እንደሆነ ሳልጠይቅ ደፋሁት።