ጭልፊቷ፣ ጤና አዳሙና ሽማግሌዎቹ

እናቴ ዘንድሮ ከአንዲት ጭልፊት ጋር ተጣልታ ከረመች። ጠቡ የመሬት ነው። መሬቱ ደግሞ እስራኤል፣ ኔታንያ ከተማ ካለው ቤታችን የሳሎን መስኮት ውጭ የተቀመጠ የአበባ ሳጥን ነው። ጤና አዳም ተተክሎበታል። እማዬ ጤና አዳም ያልገባበት ቡና ቡና አይመስላትም።

ለፋሲካ ቤት ስናጸዳ መስኮቱን ከፍታ ጮኸች። ጤና አዳሙ መሀል አንዲት ቡናማ ወፍ ተቀምጣ ታፈጥባታለች። እርግብ እንዳትባል መንቆሯ ቆልማማ ነው፤ ከዓይኗም ሥር ጥቁር መስመር ወርዷል። ሆዷ ሥር ቀላ ያሉ ዝንጉርጉር እንቁላሎች አሉ።

«ጎጆ እንኳን አልሠራችም እኮ!» አለች እማዬ በንቀት።

እውነቷን ነው። ይህቺ ጭልፊት ጎጆ መሥራት የሚባል ነገር አታውቅም። የገደል ጥግ፣ የሕንፃ ቀዳዳ ወይም ቁራ የተወው ጎጆ ካገኘች አፈሩን ጫር ጫር አድርጋ እንቁላሏን ትጥላለች። አውሮፓን፣ እስያንና አፍሪካን አዳርሳ የምትኖረው በሰው ቤት ነው።

«በል አንሳልኝ» ተባልኩ። እኔ ግን መጀመሪያ ለዱር እንስሳት ጠባቂዎች ደውዬ ጠየቅሁ። የመለሰችልኝ ሴትዮ ልትቆጣ ምንም አልቀራትም። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ አለ፤ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ሳጥኑ እንዳይነካ አለችኝ።

እማዬ ይህን ስትሰማ ተቀመጠች። «እኛ አዲስ መጤ ከሚያርፍበት ከመርካዝ ክሊታ ወጥተን ቤት እስክናገኝ ዓመታት ፈጀብን። እሷ በአንድ ቀን አገኘች?» ምን ልበላት።

እንግዲህ እንቁላል መታቀፉ ብቻ አንድ ወር ገደማ ነው። ከዚያ ጫጩቶቹ ለመብረር ሌላ አንድ ወር ይፈልጋሉ። ጤና አዳም ከጎረቤት መለመን ጀመርን።

እማዬ ግን ቀስ በቀስ መስኮቱ ሥር ወንበር አስጠጋች። ልትሰልል ነው መሰለኝ። አባወራው ከሚስቱ ያንሳል፤ ራሱ ግራጫ ነው፤ ቀለብ አምጪውም እሱ ነው። ከመኪና ማቆሚያው በላይ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ፣ ክንፉን እያርገበገበ አየር ላይ ቀጥ ይላል። ጭንቅላቱ ግን ንቅንቅ አይልም። አንድ ቀን ይህንን ስታይ፣ «ውይ! ይሄንንማ አውቀዋለሁ። ጎንደር፣ ከማሳችን በላይ እንዲህ ነበር የሚቆም» አለች። ኢትዮጵያ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩ አሉ፤ የአውሮፓ ብርድ ሲበረታባቸው ወደዚያ የሚወርዱም አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ወፉ «ያገሬ ልጅ» ሆነ። ሚስቱ ግን ይቅርታ አላገኘችም።

በቤት ሻን ሸለቆ ያሉ ገበሬዎች ለእነዚህ ወፎች ሳጥን ሠርተው እንደሚሰቅሉ ነገርኳት። ሌሊት ጉጉት፣ ቀን ጭልፊት አይጥ ይለቅሙላቸዋል። «ታዲያ አድራሻቸውን ስጣትና ትሂድላቸው» አለችኝ።

ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ። የጭልፊት ጫጩት ኩሱን ከሥሩ አይጥልም፤ ጅራቱን ከፍ አድርጎ ወደ ውጭ ያስወነጭፈዋል። ታች ያለችው ጎረቤታችን ነጭ አንሶላ የማስጣት ልማድ ነበራት። ነበራት።

ዋናው ጉድ የመጣው እህቴን ሊጠይቁ ሽማግሌ በመጡ ቀን ነው። ሙቀቱ አይጣል ነው። መስኮቱ ተከፍቷል፤ ቡናው ፈልቷል። ትልቁ ሽማግሌ ነጭ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ። «እንግዲህ የመጣንበት ጉዳይ...» ከማለታቸው፣ ሳጥኑ ጫፍ ላይ ክንፉን ሲሞካክር የሰነበተው ጫጩት ዘለለ። የዘለለው ግን ወደ ሳሎን ነው። ከመጋረጃው ዘንግ ላይ ዐረፈ፤ ልክ ከሽማግሌው ራስ በላይ። ጅራቱን ከፍ አደረገ።

ማንም አልተነፈሰም። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አዩ፣ ወደ ላይ አዩ፣ ከዚያ ወደ እማዬ ዞሩ። «ይሄ እሺታ ነው እምቢታ?»

እማዬ መልስ ሳትሰጥ አባወራው እንሽላሊት ይዞ መስኮቱ ላይ ደረሰ። ሰው የሞላበት ሳሎን ሲያይ ደንግጦ ለቀቀው። እንሽላሊቱ ደግሞ ገና ነፍሱ አልወጣችም። ወለሉን አቋርጦ በረከቦቱ ሥር አለፈና ሶፋ ሥር ገባ። አክስቴ በዚያ ጉልበቷ ወንበር ላይ ወጣች። ጉልበቴን አመመኝ ብላ ስንት ሰርግ የቀረች ሴትዮ!

እኔ በፎጣ ጫጩቱን ያዝኩ። ተገለበጠና እግሮቹን ወደ ላይ ዘርግቶ አንዱን ጥፍር አውራ ጣቴ ላይ ተከለው። እናቲቱ እንኳ 200 ግራም ገደማ ብትመዝን ነው፤ ጥፍሩ ግን የክብደት ጉዳይ አይደለም። እንደምንም ሳጥኑ ውስጥ መለስኩትና መስኮቱን ዘጋሁ። ሙቀቱን ቻልነው።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ገልብጠው ለብሰው ንግግራቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ። እህቴ ጓዳ ሆና እየሳቀች ስለነበር መልሷ የታወቀ ነው። ሰርጉ ከዳስ በዓል በኋላ ተቆረጠ። እማዬ ግን ጥሎሽ ላይ አንድ ነገር አስጨመረች፤ ሁለት ማሰሮ ጤና አዳም።

እንሽላሊቱ እስካሁን አልተገኘም።