ሲቪ ስንት ገጽ ይሁን?

ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር፣ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ገብቶ «ሲቪ ሥሩልኝ» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ይዞ የሚወጣው አራት ገጽ ነው። አንደኛው ገጽ ሽፋን ነው፤ ዙሪያውን በጌጥ ታጥሮ መሐሉ ላይ «ካሪኩለም ቪቴ» ተብሎ በትልቁ ይጻፍበታል። ሁለተኛው ገጽ ላይ የትውልድ ቦታ፣ ቁመት፣ ሃይማኖትና የጋብቻ ሁኔታ ይሰፍራል። ሦስተኛው ላይ አማርኛን ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገርና መስማት «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚል ሠንጠረዥ አለ። ቀጣሪው የሚፈልገው ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም ግማሽ ገጽ አይሞላም።

ርዝመቱ የሚወሰነው ከማስታወቂያው ነው። የወረዳና የዞን መሥሪያ ቤቶች የሚያወጡት ክፍት የሥራ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ዋናውን ማስረጃና የማይመለስ ፎቶኮፒ ነው። እዚያ ሰው የሚለየው በዲግሪው፣ በሥራ ልምድ ደብዳቤውና በፈተናው ስለሆነ ሲቪ ባይጠየቅም አይገርምም፤ ከተጠየቀ አንድ ገጽ ይበቃል። ቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ላለ ፋብሪካ ወይም ለግል ድርጅት ደግሞ አዲስ ተመራቂ አንድ ገጽ፣ ልምድ ያለው ሁለት ገጽ ይዞ ይቅረብ። መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ፕሮጀክት በፕሮጀክት ማየት ስለሚወዱ ሦስት ገጽ ቢሆንም አያስቀይምም፤ ማስታወቂያው የገጽ ጣሪያ ካስቀመጠ ግን ጣሪያው ሕግ ነው። አዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ለተመራማሪነት ወይም ዩኒቨርሲቲ ለመምህርነት የሚያመለክት ሰው ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው፤ የታተሙ ጽሑፎች ካሉት መዘርዘር አለበትና ገጹ የፈለገውን ያህል ይርዘም።

ከመቁረጥ በፊት ግን ምንም ያልተቆረጠበት አንድ ፋይል ይኑራችሁ። የሠራችሁት ሥራ፣ የወሰዳችሁት ሥልጠና፣ ቀኑ፣ ደመወዙ፣ የአለቃው ስልክ ሁሉ እዚያ ይቀመጥ። ይህ ፋይል ለማንም አይላክም። ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ከእሱ ላይ ኮፒ አድርጋችሁ፣ ማስታወቂያው ያልጠየቀውን ታወጣላችሁ። አንዴ የተሠራን ሲቪ ለባንኩም ለፋብሪካውም ለግብርና ጽሕፈት ቤቱም መላክ ነው ሲቪን የሚያስረዝመው፤ ለሁሉም እንዲሆን ተብሎ ሁሉም ነገር ይታጨቅበታል።

መጀመሪያ የሚወጣው ሽፋኑ ነው። ቀጥሎ ቁመት፣ ሃይማኖት፣ የእናት ስም፣ «ትርፍ ጊዜዬን በማንበብና ፊልም በማየት አሳልፋለሁ» የሚለው፣ መጨረሻ ላይ «ከላይ የሰጠሁት መረጃ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚለው አንቀጽም ይወጣል፤ ማስታወቂያው ካልጠየቀ በስተቀር። ዲግሪ ያለው ሰው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን ስም መጻፍ አያስፈልገውም። የቋንቋ ሠንጠረዡ ወደ አንድ መስመር ይጠቃለል፦ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ከተቻለም አዊኛ። ያ የመጨረሻው እንጅባራና ዳንግላ አካባቢ ለሚሠራ ሥራ ከሁለቱ በላይ ሊጠቅም ይችላል፤ ብዙ ሰው ግን ይረሳዋል።

ትልቁ ብክነት ያለው የሥራ ልምዱ ላይ ነው። ስምንት ዓመት የሠራ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ እንውሰድ። ሦስት ቀበሌ ተዘዋውሯል፤ በሲቪው ላይ ሦስቱን እንደ ሦስት መሥሪያ ቤት ለያይቶ በእያንዳንዱ ሥር ያንኑ ስምንት ተግባር ይደጋግማል። ይህ ብቻውን አንድ ገጽ ተኩል ይበላል። መሥሪያ ቤቱ አንድ ነው፣ መደቡም አንድ ነው፤ ቀበሌዎቹና ዘመኑ በአንድ መስመር ተጽፈው፣ ተግባሩ አንድ ጊዜ ብቻ በአራት ወይም በአምስት መስመር ይቀመጥ። መምህርም እንዲሁ፦ ከጀማሪ እስከ ከፍተኛ መምህርነት ያለው እድገት አንድ መስመር ነው።

ተግባሩ ሲጻፍ ከሥራ መዘርዝር ላይ አይገልበጥ። «ለአርሶ አደሮች የተለያዩ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠናዎችን መስጠትና አስፈላጊውን ክትትልና ድጋፍ ማድረግ» ማንኛውም የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የሚጽፈው ነው። «በሁለት ቀበሌ ለ180 አርሶ አደሮች አሲዳማ አፈርን በኖራ ማከምን ማሠልጠን» ከዚያ አይረዝምም፤ ምን እንደተሠራ ግን ይናገራል። ቁጥሩ በእርግጥ የራሳችሁ፣ ቢጠየቅም የሚረጋገጥ ይሁን። አዲስ ተመራቂ ቆጋ መስኖ ላይ የተግባር ልምምድ አድርጎ ከሆነ ምን እንደለካ፣ በምን ሰብል ላይ እንደሠራ ሁለት መስመር ይጻፍበት፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ርዕስም ከሥራው ጋር ከተያያዘ አንድ መስመር ይገባዋል።

የማይቆረጥም አለ፤ ከሁሉም በላይ ወር። «ከ2013 እስከ 2015» ብሎ ማሳጠር ጉዳት አለው። ከሰኔ 2013 እስከ መስከረም 2015 አንድ ዓመት ከሦስት ወር ነው፤ ከመስከረም 2013 እስከ ሰኔ 2015 ደግሞ ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር። ማስታወቂያው ሁለት ዓመት ከጠየቀ አንዱ ያልፋል፣ ሌላው ይወድቃል፤ መራጩም ገምቶ አያሳልፍም። በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ከሆነ ዘመኑ ሁሉ ወደ ፈረንጅ ይቀየር፦ ሐምሌ 2015 ጁላይ 2023 ነው፣ ጥቅምት 2016 ግን ኦክቶበር 2023። ሁሉም ላይ ስምንት የሚደምር ሰው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ያለውን ያበላሻል፤ ከዚያም ሲቪው ከሥራ ልምድ ደብዳቤው ጋር አይገጥምም።

ገጽ ለመቆጠብ ፊደል ማሳነስ ደግሞ መፍትሔ አይደለም። የወረቀቱ ጠርዝ ከ2 ሴንቲ ሜትር፣ ፊደሉ ከ11 አይውረድ። የአማርኛ ፊደል ሲያንስና ፎቶኮፒው ሲደጋገም ቅጥያው ይጠፋል፤ «ሙ» እና «ሚ» መለየት ያቅታል። ሁለተኛው ገጽ ላይ አራት መስመር ብቻ ከተረፈ፣ አራት መስመር ፈልጋችሁ አውጡና አንድ ገጽ አድርጉት፤ ግማሹን ካለፈ ግን ይቆይ። የሁለተኛው ገጽ ራስጌ ላይ ስምና ስልክ ይደገም፤ ወረቀቶች ሲደራረቡ ይለያያሉ። በኢሜይል ወይም በቴሌግራም የሚላክ ከሆነ በፒዲኤፍ ይሁን፤ ፓወር ግዕዝ የተባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በሌለበት ኮምፒውተር ላይ በእሱ የተጻፈ የወርድ ፋይል የማይነበብ ምልክት ሊሆን፣ የገጹም ልክ ሊዛነፍ ይችላል።

ምስክሮች ሦስት ይበቃሉ፤ ለእያንዳንዳቸው ስም፣ የሥራ ድርሻና ስልክ በአንድ መስመር። ቦታ ከጠበበ ሁለት ይሁኑ። ስልካቸው ዛሬም የሚሠራ መሆኑን ደውላችሁ አረጋግጡ፣ ስማቸውን መስጠታችሁንም በዚያው ንገሯቸው።