ሻርፑ ቦርሳዬ ውስጥ ቀረ

ዛሬ ልጄን ሰው ፊት አጠባሁ። ሰው ፊት ስል፣ አርባ የምንሆን እናቶች ሜዳ ላይ ቁጭ ብለን፣ አላፊ አግዳሚው እያየን። በየዓመቱ ከኦገስት 1 እስከ 7 የሚከበረው የዓለም የጡት ማጥባት ሳምንት ነውና የሰፈር እናቶች "ኑ፣ አብረን እናጥባ" ብለው ጠሩን።

እውነቱን ለመናገር ልቀር ነበር። ባለፈው ወር አንድ ካፌ ውስጥ አስተናጋጁ ጠጋ ብሎ "መታጠቢያ ቤት ብትገቢ አይሻልም?" ብሎኛል። ሽንት ቤት ገብቶ ምሳውን የሚበላ ሰው አለ እንዴ? ያኔ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ሂሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

ዛሬም ልጄ ስታለቅስ እጄ በልማድ ወደ ሻርፑ ሄደ። ሙቀቱ ደግሞ አይጣል ነው። አጠገቤ ያለችው እናት ምንም ሳትሸፍን መንታዎቿን ተራ በተራ ታጠባለች፤ ወሬዋንም አላቋረጠች። ተውኩት። ልጄ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሎ፣ በትንሿ እጇ የሸሚዜን ቁልፍ ጨብጣ ጥግብ እስክትል ጠባች።

አንድ አባት "በዚህ ሙቀት ውሃ ጠብ አታደርጉላቸውም?" አለ። የጤና ባለሙያዋ መለሰችለት፦ ከእናት ጡት ወተት 87 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው፤ እስከ 6 ወር ሌላ አያስፈልግም። "ሚስቴን በከንቱ ሳስጨንቃት ከርሜአለሁ በሉኛ!" ብሎ ሳቀ።

ልንበተን ስንል አንድ አዛውንት በአጠገባችን አለፉ። ቀና ብለው አዩን፣ ፈገግ አሉ፣ መንገዳቸውን ቀጠሉ። በቃ፣ እኔ የምፈልገው ይቺኑ ነው።